ልጁ መድኃኒቱን አልወስድም ሲል መጀመሪያ የሚታየው ቤቱ ነው

ኤ.አር.ቲ. ክሊኒክ (የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚሰጥበት) ውስጥ «መድኃኒቱን በደንብ እየሰጣችሁት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁሌም «አዎ» ነው። አያት ወይም አክስት ተግሣጽ ልትቀበል ከሩቅ አትመጣም። «ትናንት ማታ ማን ሰጠው? ስንት ፍሬ? በምን በጥብጣችሁ?» ሲባል ግን ነገሩ ራሱ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ጉዳዩ የልጁ እልኸኝነት ሳይሆን የፍሬው ቁጥር፣ ሰዓቱ ወይም ሰጪው ነው።

ቁጥሩን እንይ። ለትንንሽ ልጆች የሚሰጡት ውሃ ውስጥ የሚሟሟው 10 ሚሊ ግራም ዶሉቴግራቪር እና አባካቪር 120 ከላሚቩዲን 60 ሚሊ ግራም ጋር የተዋሐደበት ፍሬ ናቸው፤ ሁለቱም በቀን አንዴ። መጠኑን የሚወስነው ዕድሜ ሳይሆን ኪሎ ነው። ከ6 እስከ 9.9 ኪሎ ከሁለቱም ብልቃጥ አንድ ተኩል፣ ከ10 እስከ 13.9 ሁለት፣ ከ14 እስከ 19.9 ሁለት ተኩል። በዚህ መካከል ከሁለቱም እኩል ስለሆነ ለማስታወስ አያስቸግርም። የሚያሳስተው ከዚህ በታችና በላይ ያለው ነው። ከ3 እስከ 5.9 ኪሎ ዶሉቴግራቪሩ ግማሽ ሲሆን ሌላው አንድ ሙሉ ነው። 20 ኪሎ ሲሞላ ደግሞ ዶሉቴግራቪሩ ወደሚዋጠው የአዋቂ 50 ሚሊ ግራም ይቀየራል፤ አንድ ፍሬ ብቻ። ሌላው ሦስት ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚመጣ ስሕተት አለ። «ከእንግዲህ አንድ ብቻ» የተባለች አያት ቤት ከቀረው የ10 ሚሊ ግራም ብልቃጥ አንድ ትሰጣለች፤ ልጁም ለወራት ከሚገባው እጅግ ያነሰ ይወስዳል። መድኃኒት ሲቀየር አሮጌው ብልቃጥ ወደ ክሊኒክ ይመለስ። አምስት የሚሟሟ ፍሬ አንድ ባለ 50ውን ይተካል ብሎ ማስላትም ልክ አይደለም፤ የሚሟሟው ሰውነት ውስጥ በተሻለ ስለሚገባ ሦስቱ፣ ማለትም 30 ሚሊ ግራሙ፣ የባለ 50ውን ያህል ይሠራል። ማንበብ ለማትችል ሰጪ ክዳኑ ላይ የተለያየ ቀለም ፕላስተር መለጠፍና የፍሬውን ቁጥር በመስመር ማስመር ከረጅም ማብራሪያ ይሻላል። ልጁ በየቀጠሮው ካልተመዘነ ግን ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም።

አበጣበጡ ቀላል ይመስላል። ንጹሕ ስኒ ውስጥ ከሁለት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ንጹሕ ውሃ (ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር) ይደረጋል፤ የሁለቱም ብልቃጥ ፍሬዎች አብረው ይገባሉ፤ የጓጎለው ሁሉ እስኪሟሟ ይማሰላል፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይጠጣል። ከዚያ ስኒው ሥር የቀረውን ዝቃጭ ይመልከቱ። እሱም መድኃኒት ነው። አንድ ሁለት ማንኪያ ውሃ ጨምሮ፣ አለቅልቆ ማጠጣት የሚረሳው ደረጃ ይህ ነው። ሙሉ ጡጦ ወተት ወይም ሳህን አጥሚት ውስጥ መደባለቅም አይመከርም፤ ልጁ ግማሹን ሲተው መድኃኒቱም ግማሹ ይቀራል። በ30 ደቂቃ ውስጥ ካስመለሰው እንደገና ይሰጠው።

ቀድሞ መራራውን የሎፒናቪር ሽሮፕ ሲጠጣ የቆየ ልጅ አዲሱን ሳይቀምሰው አፉን ይዘጋል። መጣላት አያዋጣም፤ ከስኒው በኋላ የሚወደውን አንድ ጉርሻ ማስከተል ይሻላል። ማር ከሆነ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም።

ዶሉቴግራቪር ከአይረን፣ ከዚንክና ከካልሲየም ጋር አይስማማም። ልጁ እነዚህን የሚወስድ ከሆነ ዶሉቴግራቪሩ እነሱ ከመወሰዳቸው ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ከተወሰዱ ስድስት ሰዓት ቆይቶ ይሁን። የቲቢ መድኃኒት ከጀመረ ደግሞ ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን የዶሉቴግራቪርን ኃይል ስለሚቀንስ ዶሉቴግራቪሩ ጠዋትና ማታ ይሆናል። ስለዚህ ልጁ ሌላ ቦታ ሲታከም «ሌላም መድኃኒት አለው» ማለት ግድ ነው፤ ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል የሚቀረው ግን ይኸው ነው።

ሰዓቱን በቤቱ ልማድ ላይ ማሰር ነው፤ ለብዙው ቤት ከእራት በኋላ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ይመቻል። እንቅልፍ ከነሳው ወደ ጠዋት ማዞር ይቻላል። ያለ ምግብም ስለሚወሰድ ጾም አያግደውም፤ የሚጾም ትልቅ ልጅ ማታ ይውሰድ። ጸበል ለሚሄዱም ቢሆን ሁለቱ አይጣሉም፤ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጸበልና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በ1999 ዓ.ም. በአደባባይ ተናግረዋል። ሰዓቱ ካለፈ ሲታወስ ይሰጥ፤ ለቀጣዩ ከአራት ሰዓት በታች ከቀረ ብቻ ይታለፍ፣ የሁለት ጊዜው መጠን አንድ ላይ አይሰጥ።

የኪራይ ግቢ ውስጥ ብልቃጡ ሲንኳኳ ጎረቤት ይሰማል። ለዚህ ሲባል ፍሬዎቹን ፌስታል ውስጥ መገልበጥ መድኃኒቱን ለእርጥበት ያጋልጣል፤ ሁለቱ ብልቃጦችም ይደባለቃሉ። ብልቃጡ ውስጥ ንጹሕ ደረቅ ጥጥ መጠቅጠቅ ድምፁን ያጠፋል። እርጥበት መጣጩ ትንሽ ከረጢት ግን አብሮ ይቆይ።

የፍሬ ቆጠራም ቢሆን ልብ ማለት ያስፈልገዋል። 90 ፍሬ ያለው የዶሉቴግራቪር ብልቃጥ 12 ኪሎ ለሆነ ልጅ 45 ቀን ይበቃል፤ በ30ኛው ቀን 30 ፍሬ መቅረት አለበት። 36 ከቀረ ሦስት ቀን አምልጧል፣ ማለትም 90 በመቶ ብቻ ወስዷል። ልክ 30 ሆኖ ቫይራል ሎዱ (ደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ከ1000 በላይ ከሆነ ደግሞ የፈሰሰ፣ የተተፋ ወይም ከቀጠሮ በፊት የተጣለ ሊኖር ይችላል። ያኔ መድኃኒት ለመቀየር ከመቸኮል በፊት በየወሩ የምክር ጊዜ እየያዙ ቤቱን መፈተሽና ቫይራል ሎዱን መድገም ነው የሚቀድመው።

ለልጁ ምን እንንገረው? «ለጉንፋን ነው» ወይም «ቫይታሚን ነው» ማለት ለአንድ ሳምንት ያገለግላል። ከዚያ ልጁ «ጉንፋኑ ለቆኛል» ብሎ ስኒውን ይገፋል፤ ትክክልም ነው። ለአምስትና ለስድስት ዓመት ልጅ «ደምህ ውስጥ የሚጠብቁህ ወታደሮች አሉ፤ መድኃኒቱ ያበረታቸዋል» የሚለው እውነት ነው፣ በኋላም አይታጠፍም። ከዚያ በየዓመቱ ትንሽ እየተጨመረ የቫይረሱ ስም እስከ 12 ዓመቱ ቢነገረው መልካም ነው። ማንበብ የቻለ ልጅ ካልተነገረው ከብልቃጡ ወይም ከክሊኒኩ ግድግዳ ፖስተር ራሱ ያነበዋል፤ ብዙ ጊዜ በድብቅ መጣል የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው።

ከነገሩትም በኋላ አደራውን በአንድ ቀን አያስረክቡት። 14 ዓመት ሲሆነው ራሱ ያውጣ፣ ራሱ ይዋጥ፤ ሰጪዋ ግን አጠገቡ ተቀምጣ ትይ።