ቁልቁለት አናት ላይ ማርሽ ለሚቀንሱ ሾፌሮች

ከሐዋሳ መናኸሪያ ተነስቶ በአፖስቶና በአለታ ወንዶ በኩል ወደ ሀገረ ሰላም የሚሄድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ከ1,700 ሜትር ገደማ እስከ 2,700 ሜትር ከፍታ ይወጣል። በዳገቱ ሞተሩ እየጮኸ ስለሚሄድ የሾፌሩ ድካም ለሁሉም ይሰማል። ትልቁ ሙያ ግን ሲወርድ ነው፤ ያኔ ደግሞ ድምፅ ስለሌለው አመስጋኝ የለውም። ይባስ ብሎ ከኋላ «ንካው እንጂ!» የሚል አይጠፋም።

ጎበዝ ሾፌር ማርሽ የሚቀንሰው አናት ላይ፣ መኪናው ገና ፍጥነት ሳያገኝ ነው፤ ማርሹ ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋልና። ልኩ ቀላል ነው፦ ዳገቱን በሁለተኛ የሚወጣ መኪና በሁለተኛ ይወርዳል። ፍጥነት ከመጣ በኋላ ልቀንስ ቢል ማርሹ አልገባም ብሎ ዜሮ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ያን ጊዜ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ይሆናል። የጭስ መውጫውን ዘግቶ ሞተሩን የሚያፍነው ሞተር ፍሬንም ጉልበት የሚኖረው በከባድ፣ ማለትም በዝቅተኛ ማርሽ ነው።

ፍሬን ላይ ተኝቶ የሚወርድ ምን ይገጥመዋል? ሸራው (የፍሬኑ ልባስ) ከታምቡሩ (ከጎማው ጋር ከሚዞረው ክብ ብረት) ጋር እየተፋተገ ይግላል፣ ሲግል መያዙ ይቀንሳል። በዘይት በሚሠራ ፍሬን ደግሞ ሙቀቱ ዘይቱ ጋ ይደርሳል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት የጠጣ አሮጌ ዘይት ግን 140 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ከፈላ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ምንም ሳይዝ ወለል ይነካል። ስለዚህ አዋቂው ፍሬኑን ረግጦ አይቆይም። ጠበቅ አድርጎ ይረግጣል፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ለቆ ሸራውን ያስተነፍሰዋል።

ነዳጅ ቆጠብኩ ብሎ ሞተር አጥፍቶ የሚወርድ ካለ ተሳፋሪው ዝም ማለት የለበትም። ሞተር ሲጠፋ የመሪውም የፍሬኑም አጋዥ ጉልበት ይሄዳል። ደግሞስ ማርሽ ውስጥ ሆኖ፣ ነዳጅ ሳይረግጥ ሲወርድ ሞተሩ ነዳጅ አይወስድም ማለት ይቻላል፤ ምኑ ተቆጠበ?

ረዳቱም ምስጋናው ይገባዋል። መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ታኮ (ጎማ ሥር የሚገባ ማገጃ) ይዞ የሚዘለው እሱ ነው። እረፍት ላይ እጁን ቸርኬው (የጎማው ብረት) አጠገብ፣ ሳይነካው፣ ጠጋ አድርጎ ከጎማ ጎማ ሲዞር አይታችሁ ይሆናል። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ፍሬኑ ተጣብቋል፤ አንዱ ብቻ ከቀዘቀዘም ጥሩ አይደለም፣ አልያዘምና ሸክሙን ሌሎቹ ተሸክመውለታል ማለት ነው። በጋለ ታምቡር ላይ ውሃ አይደፋም፣ ይሰነጠቃል። የኋላ መንታ ጎማዎችን በብረት ሲመታ ደግሞ ድምፁን እየሰማ ነው፤ የተነፈሰው ድፍን ይላል። ካልተገኘ ጓደኛው ብቻውን ተሸክሞ፣ ግሎ ይፈነዳል።

ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ መብራት ዝቅ፣ ክላክስ ከኩርባው በፊት። ጠባብ ቦታ ሲገናኙ የሚወርደው ለሚወጣው ይቆማል፤ ዳገት መሃል ከቆሙ በኋላ ጭነት ይዞ መነሳት ፍሪሲዮን (ክላች) ይበላልና።

ተሳፋሪው ሊያግዝ የሚችለው አንድ ነገር አለ። ጣሪያ ላይ የተከመረ የቡና ጆንያ መኪናውን አናቱ ላይ ያከብደዋል፤ ኩርባ ላይ የሚገለብጠው ይኸው ነው። ሾፌሩ «በቃ፣ ሞልቷል» ካለ አትለምኑት፤ ጆንያው በሚቀጥለው መኪና ይመጣል።