አርባ ልጆች፣ የህንድ አስተማሪና የአረብ ሱቅ

ዛሬ ዘመድ ቤት ቡና ስንጠጣ ወሬው ዞሮ ዞሮ ስለ ድሮ አስተማሪዎች ሆነ። ጋሼ የተማሩት ደሴ ነው። ሒሳብ ያስተማሯቸው ህንድ ነበሩ። ያልገባውን ተማሪ ጠመኔ አስይዘው ሰሌዳ ፊት ያቆሙታል፤ እስኪገባው መቀመጥ የለም! በጃንሆይ ጊዜ የክፍለ አገር ሁለተኛ ደረጃ ያለ ህንድ አስተማሪ አይታሰብም ቢባል ብዙም ማጋነን አይደለም።

የእኔ ሐሳብ ግን ወደ አርመኖቹ ሄደ። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ፣ አርመን ገዳም ውስጥ በኦቶማን ቱርክ ከደረሰው የአርመኖች እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች በባንድ ሲጫወቱ ሰሙ። ወደዷቸውና አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የዘመኑን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ደግሞ በኋላ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ስንቱን ሙዚቀኛ አሠለጠኑ። እስቲ አስቡት፣ ከአገሩ የተፈናቀለ ሰው ለሌላ አገር መዝሙር ሲደርስ!

የየመኖቹን ሱቅማ ማን ይረሳል? ስኳሩን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ዱቤውን ደብተር ላይ አስፍሮ፣ በአማርኛ እየቀለደ የሚሸኝ ባለሱቅ። ስለ እነሱ የተጻፈው ግን ከአርመኖቹ ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ይሄ ያናድደኛል። ደርግ ሲመጣ ከውጭ ዜጎቹ ብዙዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ንብረት እየተወረሰ ማን ይቀመጣል?

እናንተ ሰፈር የአረብ ሱቁ የት ጋ ነበር?