የማዳበሪያ ከረጢትና የምድር ትል

የማዳበሪያ ከረጢት በአገራችን ሥራው አያልቅም። ዩሪያው ከተበተነ በኋላ እህል ይሞላበታል፣ ከሰል ይሸጥበታል፣ አጥር ይሸፈንበታል፤ በመጨረሻም ማሳ ዳር ተጥሎ ፀሐይ ሲመታው ይከርማል። ከረጢቱ የተሠራበት ፖሊፕሮፒሊን የተባለ ፕላስቲክ ፀሐይ አይችልምና ክሩ ይደርቃል። የጓሮዬን የጎመን መደብ ስቆፍር ይህንኑ ነጭ ክር ከሥሩ ጋር ተጠላልፎ አገኘሁት፤ ልለቅመው ስሞክር ጣቴ ላይ ደቀቀ።

ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ የፕላስቲክ ቅንጣት ማይክሮፕላስቲክ ይባላል። የምድር ትል አፈሩንና የበሰበሰውን ቅጠል አንድ ላይ ስለሚውጥ ቅንጣቱም አብሮ ይገባለታል። በኔዘርላንድስ የቫገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ለትሎች በሚቀርበው ቅጠል ላይ ፌስታል የሚሠራበትን ፕላስቲክ፣ የፖሊኢቲሊንን ቅንጣት ቀላቅለው ለ60 ቀናት ተከታተሏቸው፤ ቅንጣቱ 28 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነበት ምግብ የሚሞቱት በዙ፣ የተረፉትም እድገታቸው ቀነሰ። ይህ መጠን በተራ ማሳ ከሚገኘው እጅግ ስለሚበልጥ ውጤቱን እንዳለ ወደ ጎመን መደባችን ማምጣት ተገቢ አይመስለኝም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላው ግኝት ነው። ትሉ ቅንጣቱን በሆዱም በገላውም ይዞ ወደ ጉድጓዱ ስለሚወርድ፣ አፈሩን የሚያናፍሰውና የዝናቡን ውሃ የሚያሰርገው ያው ቀዳዳ መሬት ላይ የወደቀውን ፕላስቲክ ማረሻ ወደማይደርስበት ጥልቀት ያስገባዋል። ስፕሪንግቴይል የሚባሉት ደቃቅ ባለ ስድስት እግር ፍጥረታት ደግሞ በአፈር ውስጥ ባሉ ክፍተቶች ይኖራሉ፤ ክፍተቶቹን ፕላስቲክ ሲሞላቸው እንደ ልብ መንቀሳቀስ እንደሚሳናቸው በቤተ ሙከራ ታይቷል። ሻጋታና ብስባሽ እየበሉ ንጥረ ነገሩን ለተክሉ ከሚመልሱት መካከል እነዚህም ስለሚገኙ ጉዳቱ በእነርሱ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ለልብስ የሚውለው የፖሊስተር ፕላስቲክ ክርም የአፈሩን አወቃቀርና ውሃ የመያዝ ዐቅም ይለውጣል።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ0.03 ሚሊሜትር የሳሳ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው ደግሞ ፌስታልን ጨርሶ ከገበያ ለማስወጣት ያለመ ነው። ሁለቱንም ከልቤ እደግፋለሁ። ሆኖም በገጠር ማሳ ላይ የሚደቀው በአብዛኛው ከረጢቱ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ማዳበሪያ የሚያከፋፍሉት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አዲሱን ዩሪያ ሲያስረክቡ ያረጀውን ከረጢት መልሰው ቢቀበሉ፣ ክሩ ገና ሳይበጣጠስ ከማሳው ሊወጣ ይችላል።