የጫጉላ ሽርሽር በጣሊያን ገጠር፦ መኪናችሁን ከቅጥሩ ውጭ አቁሙ

ቨርጂኒያ ውስጥ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ተጋባን፤ መልሱ አልቆ ዘመድ ሲሸኝ እኔና ባለቤቴ ወደ ሮም በረርን። ዕቅዱ ዘጠኝ ቀን ነበር፤ በአንዲት ትንሽ መኪና ከሮም ተነስተን፣ በኦርቪዬቶና በቫል ዶርቻ ሸለቆ በኩል እስከ ሰሜን ቶስካና። ጉዞውን ያቀድኩት እኔ ነኝ፣ መኪናውን የነዳሁትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ጥፋት፣ መኪና ወደተከለከለበት የከተማ መሃል ነድቶ መቀጣት፣ በአብዛኛው የእኔ ነው። አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ግን አይደርስም ነበር። ይህንን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ዝግጅቱ ብዙ አያስቸግርም። ባለቤቴ አሜሪካዊ ዜጋ ስለሆነ የሼንገን ቪዛ ያስፈለገው ለእኔ ለኢትዮጵያዊቷ ብቻ ነበር፤ 90 ዩሮ ከፈልኩ፣ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ገዛሁ፣ ተፈቀደልኝ። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃዱን ከአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር በ20 ዶላር አወጣሁ። መኪና አከራዩ እንዳሳየው እንኳን አልጠየቀኝም። ቢሆንም ያለ እሱ አትሂዱ፤ መንገድ ላይ የሚያስቆማችሁ ፖሊስ ይጠይቃል። ለማስያዣ የሚሆነው ክሬዲት ካርድ በሾፌሩ ስም መሆን አለበት።

አውቶማቲክ መኪና ኪራዩ በጣም ውድ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። እኔ መንጃ ፈቃድ መጀመሪያ ያወጣሁት አዲስ አበባ፣ ማርሽ በእጅ በሚቀየርበት አሮጌ መኪና ነው። አሜሪካ ያደገው ባለቤቴ ፍሪሲዮን ረግጦ አያውቅም። መሪውን የያዝኩትም በዚህ ምክንያት ነው፤ በዚህ ዛሬም እኮራለሁ። በመንገዱ ዳር «ጎሚስታ» የሚል ሰሌዳ ሳይ የሰፈራችን ጎማ ጠጋኝ ትዝ አለኝ። ታርጋ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ መኪና እያልኩ ለባለቤቴ ስቆጥርለት ጣሊያንኛ የማውቅ መሰለው። አንድ ቃል ብቻ ልታሳስተኝ ነበር፤ እኛ ናፍጣ የምንለውን እነሱ ማደያ ላይ «ጋዞሊዮ» ነው የሚሉት።

መኪናውን የተረከብነው ከሮም ዋናው ባቡር ጣቢያ ከቴርሚኒ አጠገብ ነው። ከጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ባለቤቴ ይህንን አያውቅም ነበር። ሻንጣችንን ጭነን፣ ሞተሩን ሳላስነሳ፣ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት።

ገጠሩ ከጠበቅኩት በላይ ነበር። በግንቦት ቫል ዶርቻ ውስጥ ስንዴው ገና አረንጓዴ ነው፤ በመካከሉ ቀይ የዱር አበባ ፈንድቷል። ቢጫውን አደይ በቀይ ብትተኩት የጎጃም መስከረም ነው። ያደርነው አግሪቱሪዝሞ በሚሉት፣ እርሻውን እያረሰ እንግዳ በሚያሳድር ገበሬ ቤት ነው። በፒዬንሳ ከተማ የበግ ወተት ዓይቡን፣ ፔኮሪኖውን፣ ከማር ጋር በላን። ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ስለነበረ ረቡዕና ዓርብም ጾም የለም። ሰርጋችሁ ከፋሲካ በኋላ ከሆነ ይህንን ዕድል አታሳልፉት። በክፍያ አውራ ጎዳና ላይ ቢጫ ምልክት ያለበት መስመር ውስጥ አትግቡ፤ የኤሌክትሮኒክ መክፈያ ላላቸው ብቻ ነው። ስለ ገጠሩ ሌላ ማስጠንቀቂያ የለኝም።

ችግሩ የመጣው በሰባተኛው ቀን ነው። ከቶስካና ጥንታውያን ከተሞች በአንዷ፣ በቅጥሩ ውስጥ፣ ለሁለት ሌሊት ሆቴል ይዤ ነበር። ለሰርግ ያወጣነው ወጪ ቢበዛም «የመጨረሻዎቹ ሌሊቶች ከካቴድራሉ ሥር ይሁኑ» ብዬ የወሰንኩት እኔ ነኝ። በጣሊያን ከተሞች መሃል ላይ ለነዋሪና ፈቃድ ላለው መኪና ብቻ የተከለለ ቀጠና አለ፤ «ዞና አ ትራፊኮ ሊሚታቶ» ይሉታል። ፍሎሬንስም፣ ሲዬናም፣ ፒዛም፣ ሉካም አላቸው። በር የለውም፣ ዘበኛ የለውም፤ ታርጋ የሚያነሳ ካሜራ ብቻ ነው ያለው። ይህንን አንብቤ ነበር። ወደ ሆቴሉ ስደውል እንግዳ ተቀባይዋ «ግቡ፣ ታርጋችሁን እኛ እናስመዘግባለን» አለችኝ። አሠራሩ በእርግጥ አለ፤ የሆቴል እንግዳ ታርጋው ከተመዘገበለት መግባት ይችላል። እኔም ያንን አምኜ ሌላ ነገር አልጠየቅኩም።

ከተማው በር ላይ ስንደርስ ፀሐይ ጠልቃለች፤ ከኋላዬ ሦስት መኪኖች ጥሩንባ ይነፋሉ። ከፊቴ ቀይ ቀለበት ያለው ነጭ ክብ ምልክት አለ፤ ከበላዩ በብርሃን የሚጽፍ ሰሌዳ «ቫርኮ አቲቮ» ይላል። ቫርኮ መግቢያ መሆኑን ገምቻለሁ። አቲቮ የሚለውን ሳይ መግቢያው እየሠራ ነው፣ ክፍት ነው ማለት መሰለኝ። ባለቤቴ «ቁሚ እስቲ፣ ላንብበው» አለኝ። አልቆምኩም። ለካ እየሠራ ነው የተባለው ካሜራው ነው! መግባት የሚፈቀደው ሰሌዳው «ቫርኮ ኖን አቲቮ» ሲል ነው። ይህችን አንዲት ቃል በቃላችሁ ያዙልኝ።

የሆቴሉን ጠባብ መንገድ አለፍኩት። ሁሉም ባለአንድ አቅጣጫ ስለሆነ መመለስ አይቻልም፤ ስልኬ ያለው ካርታ ከቅጥሩ አስወጥቶ በሌላ በር አስገባኝ። እንደገና አለፍኩት፤ እንደገና ወጥቼ ገባሁ። በአርባ ደቂቃ ውስጥ በሦስት ካሜራ ፊት ሦስት ጊዜ አለፍኩ ማለት ነው። ሆቴሉ ስንደርስ የታርጋውን ቁጥር በወረቀት ጽፌ ለእንግዳ ተቀባይዋ ሰጠኋት፤ «ጨርሰናል፣ እንኳን ደስ አላችሁ» አለችን፣ አበባም ሰጠችን።

በመስከረም መኪና አከራዩ ሦስት ጊዜ ከካርዴ ገንዘብ ቆረጠ። ቅጣቱ ይህ ነው ብዬ ተናድጄ ረሳሁት። ቅጣቱ አልነበረም። ስሜንና አድራሻዬን ለፖሊስ ለመስጠቱ የሚያስከፍለው የአገልግሎት ዋጋ ነበር፤ በተፈራረምንበት ወረቀት ጀርባ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። የቅጣት ደብዳቤ ውጭ አገር ለሚኖር ሰው እስከ 360 ቀን ድረስ ሊላክ ይችላል። እኔም ቤት የመጀመሪያው ፖስታ የደረሰው በየካቲት ነው።

በአምስት ቀን ውስጥ ለከፈለ 30 በመቶ ይቀነስለታል። እነዚያን አምስት ቀናት እኔ ምን አደረግኩባቸው? ለሆቴሉ ጻፍኩ። «ልከናል» አሉኝ። የላካችሁበትን ማረጋገጫ ስጡኝ ስላቸው ዝም አሉ። ደግሜ ጻፍኩ፣ ደወልኩ፤ ያቺ አበባ የሰጠችን ልጅ ሥራ ለቃለች ተባልኩ። በዚህ መሃል ቅናሹ አለፈ። ይግባኝ ለማለት 60 ቀን አለ፤ ነገር ግን ለአስተዳዳሪው ለፕሬፌቶው ይግባኝ ብሎ የተሸነፈ ቢያንስ እጥፍ ይከፍላል። ማስረጃ ሳልይዝ አልደፈርኩም። ለእያንዳንዱ ማለፍ፣ ከመላኪያው ጋር፣ ከ100 ዩሮ በላይ ከፈልኩ። ሁሉም በአንድ ምሽት ለተፈጸመ አንድ ስህተት መሆኑ አሁንም ያንገበግበኛል።

የጉብኝት መረጃዎች ሁሉ «ሆቴላችሁ ካስመዘገበ ግቡ» ይላሉ። እኔ አትግቡ እላለሁ። ከቅጥሩ ውጭ ባለው የመኪና ማቆሚያ አቁሙ፣ ሻንጣችሁን ጎትታችሁ ግቡ፤ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከቅጥር ውስጥ ከማደርም ገጠር ማደር ይሻላል፤ ቀን ከተማውን ጎብኝቶ ማታ መመለስ ይቻላል። የግድ መግባት ካለባችሁ ታርጋው መመዝገቡን የሚያረጋግጥ ጽሑፍ ከሆቴሉ በእጃችሁ ሳይገባ አትንቀሳቀሱ፤ የስልክ ቃል አይበቃም። ደብዳቤው ከመጣ ደግሞ እውነት ከእናንተ ጋር ብትሆንም፣ ማስረጃ ከሌላችሁ በአምስቱ ቀን ውስጥ ክፈሉ። ክርክር የሚባለውን ነገር እኔ ሞክሬላችኋለሁ። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው «ቁሚ» ሲላችሁም ቁሙ፤ ጥሩንባ የሚነፋው ይንፋ።

ሦስተኛው ፖስታ የደረሰን የሰርጋችን አንደኛ ዓመት ሊሞላ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ባለቤቴ ሳይከፍተው ወደ እኔ አሳለፈው፣ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ከፒዬንሳ ካመጣነው ማር የቀረውን ከጠረጴዛው አንስቶ ቦታ ለቀቀልኝ። በዚያው ምሽት ከፈልኩት።