አያቴ ቤት የማውቃት ሥዕል፣ ሮም ውስጥ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሮም በሚገኘው የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ባዚሊካ ገብቼ «ሳሉስ ፖፑሊ ሮማኒ» የምትባለውን ጥንታዊት የእመቤታችንን ሥዕል ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማለት ግን ይከብደኛል፤ ምክንያቱም እጆቿን አጣምራ፣ በግራ እጇ መሐረብ ይዛ፣ የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች ዘርግታ፣ መጽሐፍ የያዘውን ልጇን አቅፋ የምትታየውን ይህችን እናት አያቴ ቤት ግድግዳ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ።

ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1569 ከጳጳስ ፒዮስ 5ኛ ሥዕሏን የመቅዳት ፈቃድ አግኝተው ቅጂዎቹን ወደ ህንድ፣ ወደ ቻይናና ወደ እኛም አገር አድርሰዋል። ሚስዮናውያኑን አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ ከአገር አስወጧቸው፤ ሥዕሏ ግን ቀረች። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ዓይኖቿን አጎሉ፤ ሚካኤልንና ገብርኤልንም ሰይፍ አስመዝዘው በግራና በቀኝ አቆሙላት። ይህን «ቅጂ» ብሎ መጥራት፣ ለእኔ፣ ሥራቸውን ማሳነስ ነው።

ስልኬ ላይ ያለውን የአያቴን ሥዕል ፎቶ ከፍቼ ሁለቱን እያስተያየሁ ብዙ ቆምሁ። አድልዎ ይባልብኝ እንጂ፣ የሮሟ ከሩቅ ትመለከታለች፤ የእኛዋ ግን ሰው ወደ ቤት ሲገባ ቀና ብላ የምታይ ትመስላለች።