ለቆርቆሮ ጣሪያ ቤት የ40 ሜትር ሞገድ አንቴና

ሱሉልታም ሆነ ሰበታ ግቢ ያላችሁ፣ የአማተር ሬዲዮ (በግል በሬዲዮ የመገናኘት) ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ከሬዲዮው በፊት ለአንቴናው አስቡ። ለ7.1 ሜጋኸርትዝ ዳይፖል (ኬብሉ መሃሉ ላይ የሚገናኝ፣ ወደ ሁለት ጎን የሚዘረጋ የሽቦ አንቴና) በየጎኑ 10 ሜትር ግድም ሽቦ ይበቃል፤ እናንተ ግን 10.40 ቁረጡ። መሃሉን በባህር ዛፍ አጠና 10 ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት፤ ቆርቆሮው ከቀረበው ልኩ ይዛባል። ዝቅተኛው ኤስደብልዩአር (ከአንቴናው ወደ ሬዲዮው የሚመለሰውን ኃይል የሚያሳይ ልኬት) 6.9 ሜጋኸርትዝ ላይ ከመጣ ሽቦው ረዝሟል፤ ከሁለቱም ጫፍ 29 ሳንቲሜትር ያህል መልሳችሁ በራሱ ላይ ጠምዝዙት። ለመቁረጥ አትቸኩሉ።

አንቴናውን ከሬዲዮው ለማገናኘት የዲሽ ኬብል፣ ሬዲዮው ከሚፈልገው 50 ኦም ይልቅ 75 ኦም ቢሆንም፣ ይሠራል። ችግሩ የአሉሚኒየም መረቡ ስታኞ አይዝም፤ ተጠቅጥቆ የሚታሰር ኮኔክተር ግዙ። ባለ 100 ዋት ሬዲዮ በ13.8 ቮልት ከ20 አምፔር በላይ ስለሚስብ ፓወር ሰፕላዩ ባለ 30 ይሁን።

ክረምት ላይ ሰማዩ ሳያጉረመርም ኬብሉን ከሬዲዮው ነቅላችሁ ከቤት አውጡት፤ ማብሪያ ማጥፊያውን መዝጋት ብቻ ከመብረቅ አያድንም።