ቤታችን አሳማ ገባ

የምንኖረው ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ነው፤ የአፍሪካ ነጋዴ ከሚበዛበት ከሺያዎቤይ ሰፈር ብዙም አንርቅም። ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ እንቅልፍ የነሳኝ የቻይና ፊደል ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች 1,600 ገደማ አይተው መለየት፣ 800 ያህሉን ደግሞ መጻፍ አለባቸው። እኛ በ231 አይደል እንዴ "ፊደል ቆጠርን" የምንለው?

ሥዕልና ተረት ያለበት መጽሐፍ ገዛሁና አብረን ጀመርን። ሰው ዛፍ ተደግፎ ሲቆም "ማረፍ" ነው። ፀሐይና ጨረቃ ጎን ለጎን ሲሆኑ "ብሩህ"። ሁለት ዛፍ ደን፣ ሦስት ዛፍ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ። እኔም እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

አንድ እሁድ እናቴ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ደወለች። ልጄ ደብተሯን ይዛ እየሮጠች መጣች።

"አያቴ፣ ቤት ማለት እኮ ጣሪያ ሥር ያለ አሳማ ነው!"

"በስመ አብ! ምን እያበላሻት ነው አንቺ?"

ፊደሉ እንደዚያ እንደሚጻፍ፣ ድሮ አሳማ ማርባት የኑሮ ምልክት ስለነበር ነው እንደሚባል አስረዳሁ። "በግ ቢያደርጉት ምን ነበረበት?" አለች።

ሁለት ወር ሳይሞላ ተረቱ ከዳን። "እናት" የሚለው ሴትና ፈረስ ሆኖ መጣ። "ፈረሱ ምን ያደርጋል?" ስትለኝ፣ እናት ልጇን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ስትጋልብ ነው ብዬ ፈጠርኩ። ቻይናዊቷ ጎረቤቴ ስትሰማ በሳቅ ፈረሰች። ፈረሱ የገባው ለድምፁ ብቻ ነው ለካ። ፈረስም "ማ"፣ እናትም "ማ"፤ የሚለያቸው ዜማው ነው። አብዛኛው ፊደላቸው እንዲህ ነው፦ አንዱ ወገን ትርጉም ይጠቁማል፣ ሌላው ድምፅ። በሥዕል ብቻ የሚገባው ጥቂቱ ነው። አሁን ትርጉሙን በቀይ፣ ድምፁን በሰማያዊ እንቀባለን። እሷ ግን ፈረሷን አልተወችም። አርፍጄ ልወስዳት ስሄድ "እማዬ፣ ፈረስሽ ደከመ እንዴ?" ትለኛለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የኛን ፊደል አስቆጥራታለሁ። ባለፈው "ይሄስ የምን ሥዕል ነው?" አለችኝ "ዐ" ላይ ደርሰን። ስሙ በግዕዝ ዐይን ነው፣ ጥንትም ከዐይን ሥዕል ነው የመጣው አልኳት። ወዲያው ሽፋሽፍት ቀጠለችለት። "በ"ስ? ቤት ነው አልኳት። ዝም ብላ አየችውና በሁለቱ እግሮቹ መካከል አንዲት ትንሽ አሳማ ሣለች።

ለእናቴ አላሳየናትም።